ለኪራይ የተሠራ ግድግዳ

ቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሊኖሩበት የተሠራና ሊያከራዩት የተሠራ። ልዩነቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሊኖርበት የሚሠራ ሰው "እዚህ ጋ አልጋዬ ይሆናል፣ እዚያ ጋ እንግዳ ይቀመጣል" እያለ ነው የሚሠራው። ሊያከራይ የሚሠራ ግን የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከዚህች ቦታ ስንት በር ይወጣል? ስለዚህ ክፍሎቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። መስኮት ከተገኘ በበሩ በኩል ነው። ግድግዳው ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ ሲወጣ ቆይቶ ቆርቆሮው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይደክመዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ክፍተት የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ ይሸፍነውና "የራስህ ክፍል ነው፣ ማንም አይደርስብህም" ተብላችሁ ትገባላችሁ።

እኔ አስተማሪ ነኝና በኢሕአዴግ ዘመን እንዲህ ባሉ ቤቶች ደሴም ኮምቦልቻም ኖሬያለሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ፤ ወደ ደሴ ስትወጡ መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። ግድግዳው ግን ወጣችሁም ወረዳችሁም ያው ነው።

ጥቅም የለውም እንዳልል እግዜርን እፈራለሁ። ቆርቆሮው ቢያፈስ ጭንቀቱ የአከራይ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ጎድጓዳ ሳህን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሬዲዮ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ዜናውን ከግራ፣ ዘፈኑን ከቀኝ ጎረቤት ታገኙታላችሁ። የጎረቤት ሽሮ ሲያር ከባለቤቷ በፊት እናንተ ታውቁና "ኧረ አረረ!" ብላችሁ ታተርፉላታላችሁ። ጉዳቱስ? ጉዳቱም ይኸው ነው። እናንተም የምታሳርሩት አይጠፋማ!

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ የእትዬ ጥሩነሽ ግቢ ነው። ግቢው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር። የሰፈሩ ስም ቧንቧ ውሃ ይሁን እንጂ ውሃው የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸው አገር ላገር ተበትነውባቸው ትልቁን ቤት ብቻቸውን ይዘው ይኖሩ ነበር፤ በጓሮው በኩል ያሠሯቸውን ተርታ ክፍሎች ለእኛ አከራይተዋል። ደግ ሴት ናቸው። የሚያጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ። ጉድጓዱ እንዳይሞላ ያላቸው ስጋት ሌላ ሰው ስለ ልጁ ፈተና ካለው ስጋት አይተናነስም። ከዚህ ስጋት የግቢው ሕግ ተወለደ።

"እንግዳ ቀን ይመጣል፣ ቀን ይሄዳል" ይሉናል። "ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት ለተከራይ ነው እንጂ ለአገር ምድሩ አይደለም!"

ቀልድ መስሎት ወንድሙን ያሳደረ ተከራይ ነበር። በማግስቱ ፍራሹ በር ላይ ተጠቅልሎ አገኘው።

በቀኝ ግድግዳዬ በኩል ያለው ጎረቤቴ ሰይድ ይባላል፤ በያጅ ነው፤ የቢስቲማ ልጅ። ይህችን ክፍል እስኪያገኝ ድረስ ደሴን ከዳር እስከ ዳር ዞሯታል። አንዱ "ላጤ አናስገባም" ይለዋል፤ ሌላው ስለ ብየዳው ሲሰማ "መብራቴን ልትጨርስብኝ ነው" ይለዋል። ታዲያ አንድ ቀን ፊቱ አመድ መስሎ በሬን አንኳኳ።

"መምህር፣ ጉድ ሆኛለሁ።"

እናቱ እማማ ፋጡማ ሁለቱም ዐይናቸው ሞራ ለብሶ፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ሆኖ ነበር። አሁን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊገፈፍላቸው ተቀጥረዋል። ከዚያ በኋላ ዐይናቸው ታስሮ፣ ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ እዚሁ ደሴ መሰንበት አለባቸው። ቢስቲማ ይመለሱ እንዳይባል መንገዱ አቧራና ኮረኮንች ነው፤ ዐይኑ ይበላሻል። እዚህ ይሰንብቱ እንዳይባል የእትዬ ጥሩነሽ ሕግ አለ። ቢያዝ ደግሞ ዐይናቸው የታሰረ እናቱን ይዞ መንገድ ላይ መውደቁ ነው።

"ለእትዬ ንገራቸዋ" አልኩት።

"እምቢ ቢሉኝስ? እምቢ ካሉኝ በኋላ ደብቄ ላስገባት አልችልም። አለመጠየቁ ይሻለኛል።"

ይህን አነጋገር ተከራይ ያልነበረ ሰው አይገባውም። እኔ ወዲያው ገባኝ።

"ከሳቸው መደበቁስ ምንም አይደል" አለ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የጨነቀኝ ከእናቴ መደበቁ ነው። ልጄ ደሴ ቤት አለው ብላ ቢስቲማ ያላወራችለት ሰው የለም። እዚህ ማደር አይፈቀድልሽም ልበላት? ወላሂ፣ ዐይኗ እንደታሰረ ተነስታ ትሄዳለች።"

"ታዲያ ምን አሰብክ?"

"ድምፅሽን ቀንሽ እላታለሁ፤ ጎረቤታችን በጠና ታሟል እላታለሁ።"

"ማነው የታመመው?"

ሰይድ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። እንግዲህ ሳልጠየቅ ታመምኩ።

እማማ ፋጡማን ያስገባናቸው ሰኞ ዕለት ነው፤ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚያስተውል የለም። ቦሩ ሜዳም ደርሰው፣ አንዱ ዐይናቸው ተገፍፎ፣ ታስሮላቸው ተመለሱ። ከእትዬ ጥሩነሽ በቀር ግቢው በሙሉ በማግስቱ አውቋል፤ ግድግዳውን ነግሬያችኋለሁ። ዳር ክፍል ያለችው ፀጉር ሠሪ በጠዋት ሾርባ ይዛ ሹልክ ብላ ገባች። ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስት ሬዲዮአቸውን ጮክ አድርገው ከፈቱ፤ የእማማን ሹክሹክታ እንዲሸፍን። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያውቅም።

ለእኔ ግን በሽታዬ ሥራ ሆነብኝ! ከትምህርት ቤት ሳፏጭ የምገባ ሰው ኮቴዬን አጥፍቼ መግባት ጀመርኩ። አልለቅ ያለ የጠመኔ ሳል ደግሞ ድሮም አለብኝ። ባሳልኩ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ እማማ ፋጡማ "እኔን! ደረቱን ነው" ሲሉ ይሰማኛል። አስቡት፤ ዐይናቸውን ታስረው የተኙት እሳቸው፣ የሚታዘንለት እኔ።

እናም ሐሙስ ምሽት ላይ፣ ሰይድ ከሥራ ሳይመለስ፣ ያልታሰበው መጣ። ወሎ ተወልዶ አጠገቡ በሽተኛ ተኝቶ ዱዓ ሳያደርግ የሚሰነብት ሰው የት ይገኛል? እማማ ሦስት ቀን ታግሰዋል፤ አራተኛውን አልቻሉም። ዱዓ ደግሞ በሹክሹክታ አይሆንላቸውም።

"አንተ ልጅ፣ አለህልኝ?" አሉ በግድግዳው በኩል።

"አለሁ፣ እማማ" አልኩ የበሽተኛ ድምፅ ፈልጌ።

"አብሽር! ያ አላህ፣ ይህን የሰው ልጅ ከአልጋው አንሳው!"

"አሜን" አልኩ። ምን ልበል?

"ሳሉን ከደረቱ ንቀልለት! ለእናቱ መልሰው!"

"አሚን!" ባልና ሚስቱ ከማዶ፤ ሬዲዮውን ዝም አሰኝተውታል።

"ለዚህ ግቢ ጎረቤት ፍቅር አይንሳው!"

"አሜን!" ፀጉር ሠሪዋ።

ወሎዬ ምርቃት ሰምቶ ዝም እንዲል መጠየቅ ማስነጠስ የመጣበትን ሰው ተው እንደማለት ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አይችልም። እማማም አሜን ሲበዛላቸው ድምፃቸው እየሞቀ ሄደ።

"ሁሉንም ከሰው ቤት አውጥቶ የየራሳቸውን ጎጆ ይስጣቸው!"

"አሜን!"

ይህኛው አሜን ከሁላችንም ይበልጣል። የመጣውም ከደጅ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ውሃ መጣ አልመጣ ብለው ባልዲ ይዘው ወደ ቧንቧው ሲያልፉ፣ ምርቃቱ መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ በምን ላይ አሜን እንዳሉ እንኳ ሳያስቡ ከአፋቸው አምልጧቸዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ባልዲው መሬት ሲቀመጥ ሰማሁ። ቀጥሎ የሰይድ በር ሲጥጥ አለ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ።

"ግቢ፣ እህቴ" አሉ እማማ ፋጡማ። "የታመመውን ልትጠይቂ ነው? እሱ በወዲያኛው ክፍል ነው።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"የሰይድ እናት ነኝ። ዐይኔን አስረውኝ ነው እንጂ ብድግ ብዬ በተቀበልኩሽ። አንቺስ የየት ነሽ?"

አለቀ፣ አልኩ በልቤ። "አከራይ ነኝ" ካሉ ሰይድ ዛሬውኑ ቤት የለውም፣ እማማም በታሰረ ዐይናቸው ይወጣሉ። ከዚያ የአልጋው ሽቦ ሲጥ ሲል ሰማሁ፤ እትዬ ጥሩነሽ ቁጭ ብለዋል።

"እዚሁ ግቢ ነኝ" አሉ። "ጎረቤት ነኝ።"

ሰይድ ሲመጣ አከራዩ የእናቱን እግር በጋቢ ሲጠቀልሉ አገኛቸው። የያዘው ዳቦ ከእጁ ወደቀ። እትዬ ጥሩነሽ በዐይናቸው ውጣ አሉትና ደጅ ላይ እንዲህ ሲሉት ሰማሁ፦ "አንተ የማትረባ! በምርቃቷ አሜን ብዬ መራቂዋን ላባርር? ከጉድጓዱ መሙላት ይህ ይብሳል። ነገ ወደ ትልቁ ቤት አምጣት፤ እዚህ ይበርዳታል።"

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ኮቴያቸው ወደ በሬ ሲዞር እንዳለሁ ዘልዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። ገብተው ከራስጌ እስከ ግርጌ አዩኝ። ከብርድ ልብሱ ጫፍ ጫማዬ ወጥቷል።

"ጫማህን አውልቀህ ታመም እንጂ!" አሉኝ።

በማግስቱ ግን አጥሚት ላኩልኝ። ጠጣሁት።

የእማማ ፋጡማ ዐይን ተፈታ። አየ! መጀመሪያ ያዩት እትዬ ጥሩነሽን ነው፤ "ጎረቤቴ አንቺ ነሻ!" ብለው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ቀጥለው እኔን ቆሜ አዩኝና "አልሐምዱሊላህ፣ ዱዓዬ ደረሰ" አሉ። እውነቱን የሚነግራቸው ሰው አልተገኘም። ቢስቲማ ተመልሰውም የሰይድ ግቢ አከራይ የሚባል የማይታይበት፣ ጎረቤት ብቻ የሚኖርበት ነው ብለው አወሩ አሉ።

ሕጉም ተሻሻለ፤ "እንግዳ አያድርም፣ እናት ታድራለች" ተባለ። የፀጉር ሠሪዋ እናት ከኩታበር መጡ፤ የባልየው እናት፣ የሚስትየውም እናት መጡ፤ የእኔዋም ሳትቀር መጣች። ክረምቱ ሳይገባ ጉድጓዱ ሞላ። እትዬ ጥሩነሽ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው "ብዬ ነበር!" አሉ። እውነትም ብለው ነበር።

ያቺ አሜን ግን ሥራ አልፈታችም። ሰይድ ቢስቲማ ቦታ አግኝቶ ቤት ሠራና እናቱ ጋ ተመለሰ። ፀጉር ሠሪዋም፣ ባልና ሚስቱም የየራሳቸውን ጎጆ አግኝተው ወጡ። እኔም ወደ ኮምቦልቻ ተዛውሬ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣልኝ። ቁልፍ ልመልስ ስሄድ እትዬ ጥሩነሽ ተቀብለውኝ ባዶውን ተርታ አዩት። "የገዛ አሜኔ ነው ባዶ ያስቀረኝ" አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አዲሱ ቤቴ ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ከወለሉ ተነስቶ ጣሪያው ድረስ ይደርሳል። የማንም ሽሮ አይሸተኝም፣ የማንም ሬዲዮ አይረብሸኝም። ጎረቤቶቼን በደረጃው ላይ አገኛቸዋለሁ፤ አንገታችንን ዝቅ አድርገን እንተላለፋለን። ይህ ነው የራስ ቤት ጥቅም።

አምና የኮምቦልቻ ወባ ጣለኝ። የእውነት በሽታ፤ ጫማ አውልቄ። ተንቀጠቀጥኩ፣ ቃዠሁ፣ ውሃ የሚያቀብለኝ አጣሁ። በመጨረሻ ሰይድ ጋ ስልክ ደወልኩ። መታመሜን እንደሰማ ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው።

"ያ ሳል ነው የተመለሰብህ፣ ልጄ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"አብሽር። ያ አላህ፣ ይህን የሰው ልጅ ከአልጋው አንሳው!"

"አሜን" አልኩና ጠበቅሁ። ከግራም ከቀኝም ምንም የለም። ግድግዳው በደንብ የተሠራ ነው።