የይርጋ አንገትና ዘጠኙ አስተባባሪዎች

በቆቦ ከተማ፣ ስሙን ብጠራው ትሕትናውን ስለምጎዳበት የማልጠራው አንድ የጤና መሥሪያ ቤት አለ። ይህ መሥሪያ ቤት ባለፈው ዓመት በአንድ አርሶ አደር አንገት ላይ ታሪክ ሠርቷል። በአንገቱ ላይ ስል በአንገቱ ጉዳይ ላይ ማለቴ ነው፤ አንገቱንማ የነካው የለም።

የአንገቱ ባለቤት ይርጋ ይባላል። ከከተማው ዳርቻ ቤት አለው፤ ከቤቱ ጀርባ ማሽላ ያርሳል። ማሽላው እሸት በያዘ ሰሞን ወፍ ሊጠብቅ ማማው ላይ እንደቆመ አንደኛው ባላ ተሰበረና ቁልቁል በአናቱ ወረደ። ዕድሜ ሰጥቶት አልሞተም። ራቅ ካለ ከተማ ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያ የተሰበረውን የአንገት አጥንት በብረትና በብሎን አሰሩለት። በአሥረኛው ቀን አገጩን ወደ ላይ የሚገፋ ደረቅ የአንገት ድጋፍ አጥልቀውለት፣ አንዲት ወረቀት አስይዘው ወደ ቤቱ ሰደዱት።

ወረቀቷ አጭር ነበረች። ድጋፉ ለስድስት ሳምንት አይወልቅም። ከባድ ነገር አያነሣም። በየቀኑ ይራመዳል። ቁስሉ በየሁለት ቀኑ ይታያል። ትኩሳት ከመጣ፣ እጁ ከዛለ ወይም መዋጥ ከከበደው ሳይውል ሳያድር ይደወል። ከሥሯ የቀዶ ሐኪሙ ስልክ ቁጥር።

ተራ ሰው ይህን አንብቦ በቂ ነው ሊል ይችላል። ጉድለቱን ያስተዋሉት፣ ወረቀቷ ለክትትል የቀረበችላቸው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ይሁኔ ናቸው። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቧት፤ ገልብጠው ጀርባዋንም አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ቅንጅት የሚል ቃል የለባትም» አሉ።

እውነትም አልነበረባትም። በዚያው ሳምንት «የአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ታካሚዎች ድኅረ ሕክምና ማገገም ቅንጅታዊ እንክብካቤ ግብረ ኃይል» ተቋቋመ። ታካሚዎች የተባለው ለወደፊቱ ታስቦ ነው፤ ለጊዜው ይርጋ ብቻውን ነበር። አባላቱ ዘጠኝ ሆኑ፤ ከፊሎቹ ከጎብዬና ከዋጃ ድረስ ተመርጠው ነው። ስሙ በማኅተሙ ክብ ውስጥ አልገባ ሲል፣ ስሙ ይጠር ወይስ ማኅተሙ ይስፋ የሚለውን አጥንቶ የሚያቀርብ ንዑስ ቡድን ተሰየመ። ማኅተሙ ሰፋ።

በመጀመሪያው ስብሰባ አቶ ይሁኔ ያደረጉትን ንግግር የሰሙ ሁሉ እስከ ዛሬ ያነሡታል። አንገት ራስን ከገላ የሚያገናኝ ድልድይ እንደሆነ፣ ግብረ ኃይሉም በተቋማት መካከል እንደዚያው ድልድይ እንደሚሆን በሰፊው አብራሩ። አንድ የዋህ አባል እጁን አውጥቶ፣ የሰውዬውን ቁስል የሚያጥብለት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን የትግበራ ምዕራፍ ጥያቄ እንደሆነ፣ ግብረ ኃይሉ ደግሞ ገና በዝግጅት ምዕራፍ ላይ እንዳለ ተነገረው። አመስግኖ ተቀመጠ።

በመሥሪያ ቤቱ ፈሪሀ የምትባል ነርስ አለች። ስሟ ለአባልነት ቀርቦ ነበር፤ ታካሚ ስለምታይ ጊዜ አይኖራትም ተብሎ ተሰረዘ። አስተዋይ ውሳኔ ነው። በዚህ ምክንያት ፈሪሀ በየሁለት ቀኑ ከሥራ ስትወጣ በይርጋ ቤት በኩል የምታልፍበት ጊዜ ተረፋት። ቁስሉን ታጥባለች። ከአልጋ ሲነሣ በጎኑ ዞሮ በክንዱ ተደግፎ እንዲነሣ አስተማረችው። ጣቶቹን እንዲጨብጥና እንዲዘረጋ፣ ጠዋትና ማታ ከደጃፉ እስከ ቁልቋሉ አጥር ደርሶ እንዲመለስ አዘዘችው።

የቆቦ ሙቀት ግን ድጋፍ የሚያስጠልቅ አልሆነም። ይርጋ ከድጋፉ ሥር በላብ ሲጠመቅ፣ ለአንድ አፍታ እንድታወልቅለት ሚስቱን ጌጤን ይለምናት ነበር። እሷም ሁለት ጊዜ ራርታለት ልታወልቅለት ስትል የሐኪሙ ትእዛዝ ትዝ እያላት ተወችው። ለፈሪሀ ስትነግራት ፈሪሀ አልተቆጣችም፤ ከነጠላ ጫፍ ስስ ጨርቅ ቀድዳ ከድጋፉ ሥር እንዴት እንደሚነጠፍና እንደሚቀየር አሳየቻት። ከዚያ ወዲያ ጌጤ በየሰዓቱ ጨርቅ እያጠበች፣ እያሰጣችና እየለወጠች ዋለች። ይህ ሁሉ ከግብረ ኃይሉ ዕውቅና ውጭ የተደረገ ስለሆነ በየትኛውም ሪፖርት አልተመዘገበም።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ይርጋ ውሃ ሊጠጣ ያነሣው ብርጭቆ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ጌጤ መጀመሪያ አዳልጦት መስሏት ሌላ ሰጠችው፤ እሱም ወደቀ። ግንባሩን ስትዳስሰው ይፋጃል። ቁስሉ ዙሪያ አብጧል። ወረቀቷን ከሣጥን አውጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጠች። ፊደል ስለማትቆጥር ቁጥሩን ራሷ ልትደውልበት አልቻለችም፤ ፈሪሀን ብትፈልግ ደግሞ አጣቻት። አቶ ይሁኔ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ እጁ አልይዝ አለው» አለቻቸው። «አንገቱም አብጧል፤ ያተኩሰዋል።»

«የትኛው እጁ ነው?»

«ቀኙ።»

አቶ ይሁኔ የአሠራር ሰነዱን ገለጡ። የእጅ ጉዳይ የሦስተኛው ንዑስ ቡድን ነው፤ ትኩሳት የሁለተኛው።

«ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከመጡ የጋራ መድረክ ይጠይቃሉ» አሉ በሐዘኔታ። «ሐሙስ እንሰበሰባለን።»

«እስከ ሐሙስ እኔ ምን ላድርገው?»

«እርስዎማ ባለድርሻ አካል ነዎት» አሉና እስከ በሩ ሸኟት።

ጌጤ ባለድርሻ መሆኗን የሰማችው ገና ያን ጊዜ ነው። ድርሻዋ እቤት ተኝቶ ያቃስታል። እያለቀሰች በኮሪደሩ ስትሄድ፣ ለሐሙሱ ስብሰባ ከየክፍሉ ወንበር እንድትሰበስብ የታዘዘችውን ፈሪሀን አገኘቻት። ፈሪሀ የተሸከመችውን ወንበር አስቀመጠች፤ ወረቀቷን ተቀብላ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ደወለች። ሐኪሙ አነሣ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቃት፤ እግሩ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ መተንፈስስ ይከብደዋል ወይ። ከዚያ ድጋፉን ሳታወልቁ፣ አስተኝታችሁ፣ አሁኑኑ አምጡት አላት።

አምቡላንሱ አልነበረም። የግብረ ኃይሉን አባላት ለቅድመ ስብሰባ ምክክር ሊያመጣ ወደ ጎብዬ ሄዷል። የይርጋ ጎረቤት ዘይኑዲን ባጃጅ ነጂ ነው፤ በባጃጅ አንገት ይዞ መንገድ እንደማይወጣ ስለገባው ወደ መናኸሪያ በረረ። ሊነሣ የተሰለፈ ሚኒባስ አገኘና ለሾፌሩ ነገረው። ሾፌሩ ለተሳፋሪዎቹ ነገራቸው። ሁሉም ጓዛቸውን ይዘው ወረዱ። ከኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ፍራሽ ተነጠፈ። ይርጋን አራት ሆነው በአንድ ትንፋሽ አነሡት፤ ፈሪሀ ከራስጌው ተቀምጣ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ መካከል ያዘች። ጌጤ እግሩን ይዛለች። ሚኒባሱ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሾፌሩ እንደ ኤሊ ይሄዳል፤ ዘይኑዲንም ከጎኑ ሆኖ «ቀስ፣ ቀስ፣ አላህ ይወድሃል» ይለዋል። ይርጋ በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። ጣቶቹ ከቀሩ ማሽላውን በምን እንደሚያጭድ ፈሪሀን ጠየቃት። ፈሪሀ ጣቶቹን ጨብጦ እንዲዘረጋ አዘዘችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። በብሎኑ ዙሪያ መግል ቋጥሮ ወደ እጁ የሚሄደውን ነርቭ ተጭኖታል። ከፍተው አጠቡለት። ሐኪሙ ሲወጣ ለጌጤ፣ አንድ ቀን ብትዘገዩ እጁ አይመለስም ነበር አላት። ጌጤ ሐሙስ ስንት ቀን እንደሚቀረው በጣቷ ቆጠረች።

ሐሙስ ግብረ ኃይሉ በምልዓተ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ሁለት አጀንዳ ነበረው። አንደኛው ታካሚው ያለ መሸኛ ደብዳቤ መጓዙ ነው። ሁለተኛው የፈሪሀ ጉዳይ ነው፤ የቅንጅት ሰንሰለቱን በመበጠሷና ወንበር የመሰብሰብ ኃላፊነቷን ጥላ በመሄዷ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። ፈሪሀ ስትመለስ ፈርማ ተቀበለች፤ አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ተረኛ ታካሚዋን ጠራች።

ይርጋ ዳነ። በአራተኛው ወር ድጋፉ ወልቆ፣ በቀኝ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። ግብረ ኃይሉም ዓመታዊ ሪፖርቱን አወጣ፤ በቅንጅታዊ እንክብካቤው ካለፉት ታካሚዎች መቶ በመቶው ማገገማቸውን በሥዕላዊ መግለጫ አሳየ። መግለጫው አንድ ረጅም ዘንግ ነበረው። ዝናው ሲሰማ ከየአካባቢው ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ፤ አዳራሽ ተዘጋጀ፤ ዘጠኙ አባላት በሙሉ ልብስ መድረኩ ላይ ተደረደሩ፤ ለእያንዳንዳቸው በክፈፍ የገባ የምስክር ወረቀት ቀረበ። ይርጋም ሕያው ማስረጃ ተብሎ ተጋበዘ። አቶ ይሁኔ አስቀድመው ለብቻው ወስደው፣ ንግግር እንዳያደክመው በማሰብ፣ ሲጠየቅ ራሱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃ መከሩት።

ሰዓቱ ደረሰ።

«አቶ ይርጋ፣» አሉ አቶ ይሁኔ በማይክሮፎኑ፣ «ለዛሬዋ ቀን ያበቃዎት ይህ ግብረ ኃይል ነው?»

ይርጋ ከወንበሩ ተነሣ። መድረኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፤ ከዘጠኙ ቤቱን የረገጠ አንድም ፊት አጣ። ዋሽቶ ለመውጣት አስቦ እንደነበር በኋላ ለጌጤ ነግሯታል፤ ግን ከበሩ አጠገብ ለእንግዶች ውሃ እንድታድል የታዘዘችውን ፈሪሀን አያት። አገጩን ወደ ቀኝ ትከሻው ወሰደ። ቀስ ብሎ ወደ ግራ መለሰው። ደግሞ ወደ ቀኝ።

ፈሪሀ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጌጤ ጎንበስ ብላ፣ ወደ ግራ ትንሽ ይቀረዋል አለቻት።

አቶ ይሁኔ ግን በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚደናገጡ ሰው አይደሉም።

«እንደምትመለከቱት» አሉ ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ «አንገቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ምንም እክል ይዞራል።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ ዘጠኙም ለራሳቸው አጨበጨቡ። በዕለቱ የተያዘው ቃለ ጉባኤ በሰፊው ማኅተም ተመቶ በፋይል ይገኛል፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ታካሚው ግብረ ኃይሉ ስላበረከተለት አስተዋጽኦ ያለውን አስተያየት በአንገቱ ገልጿል።»