የጋሽ ተክሌ ዘመቻ

ፊልም አይቶ ከወዳጁ የሚጣላ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቀዬ ሞልተውልናል። አውራቸው ግን ገብስ አራሹ ጋሽ ተክሌ ናቸው።

በገበያ ቀን ሻይ ቤቱ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ፊልም ያሳያል፤ በጥንቷ ስፔን ክርስቲያኖችና ሙሮች የሚባሉ ሙስሊሞች የሚፋጁበት። ጋሽ ተክሌ የመጀመሪያውን ክፍል እንዳዩ፣ ስንት ዘመን በግ የሸጡለትን፣ በሐዘናቸው ድንኳን የተከለላቸውን ነጋዴውን ሐሰንን፣ «ከእንግዲህ ወዲያ ፈንጠር ብለህ ተቀመጥ!» አሉት። ምን ያድርግ? ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ጦርነቱ ተጀመረ። በአንድ ወገን ነጭ የጠመጠሙ፣ ጺማቸው የተንዠረገገ፣ ተጣጥበው የሚጸልዩ ሽማግሌዎች። በሌላው ወገን ብረት የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ የሌላቸው፣ ሥጋ እየጋጡ የሚሳደቡ ጎረምሶች። እስቲ ፍረዱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጥምጣም በቄስ ራስ ላይ ሲያዩ የኖሩ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይጠራጠራሉ? ብድግ ብለው ዱላቸውን እየነቀነቁ፣ «በርቱ አባቶቼ! ያንን ማተብ የለሽ በለው!» ይሉ ጀመር። አንዱ ባለ ጥምጣም ሲወድቅማ እንባቸው መጣ።

ይሄኔ ሐሰን ከጥጉ ሆኖ በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ባለ ጥምጣሞቹ እኮ ሙሮቹ ናቸው» አላቸው።

ጋሽ ተክሌ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ዱላቸውን አዩ። ጥፋት ማመን መቼ ያውቁና!

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም? ይሄን ሁሉ ሰዓት ላንተ ስዋጋ ዝም ትላለህ?»

«ካባረሩኝ ወዲህ ለእኛ ሲያዝኑ ያየሁት ገና ዛሬ ነው፤ ላቋርጥዎ አልፈለግኩም።»