የበቅሎዋ ክፍል ሁለት

ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ በልጦ አያውቅም ይላሉ። እኔም አምናለሁ፤ ከአንዲት በቅሎ በቀር። የበቅሎዋ የኋላ እግር እኔ ነበርኩ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን መካነ ሰላም ከተማ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሙዚቃዊ ኮሜዲ ሠርተን አሳየን። አንድ ድሃ ሙሽራ ለሠርጉ በቅሎ ይዋሳል። የውሰት በቅሎ ደግሞ ልጓሟን አጥብቀው ካልያዙላት የምትሄደው ወደ ጌታዋ ቤት ነው። ሙሽራዪቱን አዝላ፣ እየዘፈነች፣ ባለበቅሎው ደጅ ታደርሳታለች። ብርድ ልብሱ ሥር ጎንበስ ብለን ሁለት ነን። ፊቷም ዘፋኟም ጓደኛዬ ሰይድ ነው። ሰው በሳቅ ሞተ! ገበያ ስንወጣ ሁሉም ዘፈኑን ያዜምለት ነበር። ለእኔ ማንም አላዜመም፤ የኋላ እግርን ማን ያውቀዋል?

ሰይድ ዓረብ አገር ሄደ። ከአሥር ዓመት በላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ ወገቡን እዚያው ጥሎ ተመለሰ። ሰው የሚጠይቀው ስላመጣው ዕቃ ነው እንጂ ስለ እሱ አይደለም። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ፣ "ወላሂ፣ አንዴ ብቻ እንደዚያ ሲስቁልኝ ልስማ፤ ከዚያ ወዲያ ብተኛም ግዴለኝ" አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች አለ አሉ።

ክፍል ሁለትን ጻፍን። አዳራሹን የሚፈቅደው የወረዳው አስተባባሪ ትምህርታዊ መልእክት ካልገባበት ብሎ ድርቅ አለ። በቅሎዋ ስለ እርከን ሥራ ዘፈነች። ወገኖቼ፣ ስለ እርከን የምትዘፍን በቅሎ ያስቃል? አዳራሹ ጭጭ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "ኧረ የፊተኛዋን በቅሎ አምጡልን!" አሉ። የሰይድን ወገብ ይዣለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። እያለቀሰ ነው የሚዘፍነው። እንደዚያን ቀን ተስፋ ቆርጬ አላውቅም።

ከዚያ ያቺው የድሮዋ ሙሽራችን ላያችን ላይ ወጣች። ሁላችንም ዕድሜ ጨምረናል፤ እሷ ኪሎም ጨምራለች። የሰይድ ወገብ ቀጭ ሲል ሰማሁ። በግንባሩ ተደፋ፣ ሙሽራዪቱ በላዩ። እኔ፣ የኋላው ግማሽ፣ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰይድ ሲያቃስት ዘፈን መስሏቸው "ይደገም!" አሉ።

እንደተኛ ቀረ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር የሚለኝ አንድ ነገር ነው።

"ሳቁ?"

"ሳቁ።"

"እንደ ፊተኛው?"

ምነው መዋሸት በቻልኩ።

"ከፊተኛው ይበልጥ" እለዋለሁ።