የባላምባራስ ጓዴ ሹልና ድፍን

በየአገሩ ሁሉን እያስተኮሰ ራሱ የማይተኩስ አንድ የጥይት ሊቅ አይጠፋም። በጃንሆይ ዘመን ለቢቸና የደረሷት ባላምባራስ ጓዴ ናቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አገሩ ቀርቶ ሚስታቸው ስሜነሽም አታውቅም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሜነሽ ስትሰማ የኖረችው ስለ ጥይት ነው። ባላምባራስ ከኪሳቸው ሁለት ጥይት ያወጣሉ፤ አንዱ አፍንጫው ድፍን፣ ሌላው ሹልና ረዘም ያለ።

«እይውማ! ሹሉ ነፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል። ድፍኑ ግን ከነፋስ ሲታገል መንገድ ላይ ይደክማል። ሹልም ቢሆን ከቀለለ ዋጋ የለውም። ጥይት እንደ ሰው ነው፤ ክብደት ከሌለው ነፋስ ይወስደዋል!»

ይህን በሠርግ ይላሉ፤ በለቅሶ ይላሉ። አንዴማ ፍትሐቱ ሳያልቅ ከሟች ወንድም ጋር በሹልና በድፍን ሲከራከሩ ስሜነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አንድ የሞጣ ጎረምሳ ልጃቸውን ፅጌረዳን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ እንኳ ዘሩን አልጠየቁም። «ልጁስ ሹል ነው፤ ክብደቱን እንጃ!» ብለው ሽማግሌዎቹን ግራ አጋቧቸው።

«አንተ ሰው፣ ስለ ማርያም ዛሬ እንኳ ተወን!» ትላቸዋለች። በሰው ፊት ከሆነ ደግሞ አንቱ እያለች ያንኑ ትላለች።

አንድ ነገር ግን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። የባላምባራስን ዐይን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከደጃፋቸው ዋንዛ ወዲያ ያለውን አያዩም።

የሠርጉ ዕለት የሞጣ ሚዜዎች እንደ ወጉ ከሸለቆው ማዶ ነጭ ድንጋይ ዒላማ አቆሙ። የሙሽራው ወገን ይተኩሳል፤ የሙሽሪት አባት ይመልሳል። ያልመለሰ እንደሆነ ስሙ በፌዝ ዘፈን እስከ ሞጣ ይሄዳል። ዋናው ሚዜ በሁለተኛው ጥይት ድንጋዩን ጣለውና ሌላ ድንጋይ ተተካ።

«እህሳ ባላምባራስ!» አሉ የሙሽራው አባት ግራዝማች ዳምጤ፣ ምንሽሩን እያቀበሉ። «እንግዲህ ተራው የሊቁ ነው።»

ባላምባራስ ተቀበሉ። ዒላማውን በዐይናቸው ሲፈልጉ ስሜነሽ አየች። ይህ አፍ ዛሬ ለዘላለሙ ሊዘጋ ነው። ስንት ዘመን ስትመኘው ኖራ፣ ሲደርስ አልቻለችም።

መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቀረበች። «ግራዝማች፣ ለዚህ ለቅርቡማ እሳቸው ምን አደከማቸው? እኔ እበቃለሁ።»

ሞጣዎች በሳቅ ፈረሱ። በልጅነቷ የአባቷን ማሽላ ከዝንጀሮ የጠበቀችው በጠመንጃ መሆኑን ማን ነግሯቸው!

ስሜነሽ ምንሽሩን ከባሏ ተቀብላ ገለባ በተነች፤ ወደ ቀኝ በረረ። ባላምባራስ እንደ ልማዳቸው ከኪሳቸው ካወጧቸው ሁለት ጥይቶች ሹሉን አንሥታ አጎረሰች። ባላምባራስ ጉንጫቸውን ለነፋሱ ሰጡ።

«ሁለት ጣት ወደ ግራ» አሉ በሹክሹክታ።

ተኮሰች። ድንጋዩ ተፈናጥሮ ወደቀ፤ እልልታው ቀለጠ። ባላምባራስ ወደ ማዶ አፍጥጠው ቀሩ።

«ስሜ፣ ወዴት ሄደ?» አሏት ቀስ ብለው።

ስሜነሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «አንተ ባልከው በኩል ነዋ! በል አሁን ሂድና ለምን እንደመታ ለሞጣዎች አስረዳቸው። ጮክ በል ደግሞ፤ እኔም ልስማ።»