የክቡር ኦኩዴራ ምስጋና

ሰው ምግብ ቤት ሲከፍት ምድጃውን፣ ድስቱንና ወንበሩን ይገዛል፤ አማራሪው ደንበኛ ግን ሳይጠሩት ራሱ ይመጣል። አማራሪ የሌለው ምግብ ቤት ካለ ገና አልተከፈተም ማለት ነው።

በጃፓኗ ቶያማ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው የሃታኖ ቶንካትሱ፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ ጥብስ፣ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ጡረተኛው የትኬት ተቆጣጣሪ ክቡር ኦኩዴራ፣ በአገሩ አጠራር ኦኩዴራ ሳን፣ ናቸው። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ከባንኮኒው ጥግ ይቀመጣሉ፣ የምግብ ዝርዝሩን እንደ ክስ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ ከዚያ ትናንት የበሉትን ያንኑ የአሳማ ሥጋ ጥብስ ያዛሉ። ሥጋው የዳቦ ፍርፋሪውን ለብሶ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጣሉ።

«ቸኮልክ» ይሉታል ጠባሹን ሃታኖን። ወይም «ዘገየህ»። በሰዓቱ የሚባል ነገር አያውቁም።

ሳህኑ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ችሎት ይከፈታል። ቅርፊቱ ጠቁሯል፤ ካልጠቆረ ገርጥቷል። ጮማው በዝቷል፤ ሃታኖ በማግስቱ ቢቀንስላቸው «ይሄ አሳማ ታሞ ነበር እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ጥፋት ፈልገው ቢያጡ፣ «በእኛ ጊዜ አሳማውም ደንበኛ አሳማ ነበር» ብለው ተነፈሱ። ይህን ሁሉ እያሉ ታዲያ ሳህኑን ያጸዳሉ፤ በነጻ የሚጨመረውን ሩዝና በቀጭኑ የተከተፈውን ጥሬ ጥቅል ጎመንም ደጋግመው ያስጨምራሉ።

ዘንድሮ በረዶው መውረድ ሲጀምር የሃታኖ ቀኝ ትከሻ አልታዘዝ አለ። ከባዱን የዘይት ድስት ማንሳት አቃተው። ልጁ ሚዙኤ ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ ጎመን ስትከትፍ የኖረች ናት፤ ምድጃውን ለመያዝ ልቧ ቆሟል። ሃታኖ ግን ቤቱን ከማዋረድ መዝጋት ይሻላል ባይ ነው።

«ነገ ቦታ እንቀያየር» አላት። «አንቺ ጥበሺ፣ እኔ እከትፋለሁ። ኦኩዴራ ሳን ይፍረዱ።»

«ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው፣ አባዬ? እሳቸውን መቼ ደስ ብሏቸው ያውቃል?»

«ሌላው ሰው ጨዋ ነው። የጫማ ሶል ብትጠብሺለትም ‹በጣም ይጣፍጣል› ብሎሽ ይወጣል። ኦኩዴራ ሳን ከተነጫነጩ ተርፈናል። ካመሰገኑ ግን አለቀልን።»

ቀልዱን አልነበረም። ክቡር ኦኩዴራ ሲያመሰግኑ የታዩት አንዴ ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ኑድል ቤት የተከፈተ ዕለት። «እጅግ ጣፋጭ ነበር» ብለው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ዝር ብለው አያውቁም።

በማግስቱ ክቡርነታቸው ገብተው ሚዙኤን ምድጃው ጋ አዩና ወደ ጥግ ወንበራቸው አለፉ። ሥጋው ዘይት ውስጥ ገባ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቸኮልሽም ዘገየሽም አላሉም።

ሳህኑ ቀረበላቸው። አንዱን ቁራጭ ጎረሱ፣ ሁለተኛውን ጎረሱ፤ ቃል የለም። አጠገባቸው የተቀመጠችው የአበባ ነጋዴ «ሚዙኤ፣ በጣም ይጣፍጣል» ብትላትም ጆሮዋ አልገባም። ሃታኖ አንገቱን ጎመኑ ላይ ደፍቶ ቀረ። ሚዙኤ በሕይወቷ ስድብ እንዲህ ናፍቋት አያውቅም።

ክቡር ኦኩዴራ ሥጋውን ጨረሱ። የመብያ እንጨቶቻቸውን አስተካክለው አስቀመጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ጎንበስ አሉ። ሚዙኤ ያቺን ጎንበስ ማለት አወቀቻት።

ሽማግሌው ግን ጎንበስ ያሉት ሳህኑን በቅርብ ለማየት ነበር።

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት፣ ኦኩዴራ ሳን።»

«ይሄን ጎመን የከተፈው ማነው? የፈረስ ቀለብ እኮ ነው።»

«እኔ ነኝ» አለ ሃታኖ ከጓዳ በር።

«አንተ እንደሆንክማ ያስታውቃል። እሷ ስትከትፈው እንደ ክር ነበር።»

ሚዙኤ ከምድጃው ቀና አለች። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ጎመኑ ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። የሚያዩት እንኳ አይመስላትም ነበር።

«ሥጋውስ?» አለች።

«ሥጋው ምን ሆነ?» አሉ ክቡር ኦኩዴራ ግራ ተጋብተው። ሥጋ ያለቀበትን ሳህን አዩት፣ እሷን አዩዋት። «ይልቅ ጎመን ጨምሪልኝ።»

ወፍራሙን ጎመን ከምራ አመጣችላቸው። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ደግሞ እያንዳንዷን ቅጠል እየረገሙ በሉ። ከዚያ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ሃታኖ፣ ነገም እንዲህ የምትከትፍ ከሆነ ምድጃው ብቻ አይበቃም፤ ቢላውንም ለልጅቷ ስጣት።»

በሩ ተዘጋ። ሃታኖ መሳያውን ድንጋይ ከመደርደሪያው አወረደና እያጉረመረመ ቢላውን ይስል ጀመር።