ለትንሽ ሰው ትንሽ ትምህርት

(የሆስፒታል መለማመጃ ክፍል። ወጣቷ ሐኪም አልጋ ላይ ከተኛ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ከሚል የሕፃን አሻንጉሊት አጠገብ ቆማለች። አጎቷ ኮቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ተገትሯል።)

አጎት፦ ኮቴን አላወልቅም አልኩሽ እኮ!

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ እዚህ ክፍል ኮት ተለብሶ አይገባም።

አጎት፦ ለአሻንጉሊት ነው ኮት የማወልቀው? ይልቅ ቦርሳሽን አንሺ። የክሊኒክ ሥራ አግኝቼልሻለሁ፤ ባለቤቱ ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀን ነው።

ሐኪሟ፦ ትምህርቴን ሳልጨርስ?

አጎት፦ አሁንም ትምህርት! ሐኪም ሆንሽ፣ እልል አልን። ደግሞ የልጆች ሐኪም ልሁን አልሽ፣ ዝም አልን። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ?

ሐኪሟ፦ በጠና የታመሙትን ማከም። መተንፈስ ያቃታቸውን፣ ልባቸው የደከመውን...

አጎት፦ ስሚ፣ ልጅ ትንሽ ነው አይደል? ለትንሽ ሰው ትንሽ ትምህርት አይበቃም? የአክስትሽ ልጅ የከብት ሐኪም ነው፤ ያን የሚያህል በሬ እያከመ ካንቺ ቀድሞ ጨርሷል!

ሐኪሟ፦ ትንሽ ስለሆነ እኮ ነው የሚከብደው። እርስዎን ምንም የማያደርግዎት የመድኃኒት መጠን እሱን ይገድለዋል።

አጎት፦ እሱን? ይሄን ፕላስቲክ? (ይስቃል) ተምራ ተምራ አሻንጉሊት ታቀፈች! እቃቃውን በልጅነትሽ አልጠገብሽም?

ሐኪሟ፦ መምህሬ ከዚያ የመስታወት ግድግዳ ወዲያ ሆኖ በኮምፒውተር ያሳምመዋል፣ እኔ አክመዋለሁ። በሰው ልጅ ላይ እንዳልሳሳት ነው።

አጎት፦ ጉድ እኮ ነው! የዓለም በሽተኛ አልበቃ ብሎ ፕላስቲክ ታሳምማላችሁ!

(ከአልጋው አጠገብ ያለው የትንፋሽ መከታተያ መሣሪያ ይጮሃል። የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን ያቆማል።)

አጎት፦ ምን ሆነ?

ሐኪሟ፦ ትንፋሹ ቆመ። (ጭንብል አፍና አፍንጫው ላይ አድርጋ አየር ትሰጠዋለች።)

አጎት፦ (ወደ አልጋው ሮጦ) ከንፈሩ ጠቆረ እኮ! ኧረ ቶሎ በይ! ቁልቁል ዘቅዝቂው! ጀርባውን ምቺው! እኔ ስንቱን ልጅ አሳድጌ...

ሐኪሟ፦ እጅዎን ይሰብስቡ! እንዲያ ሲያደርጉት ነው የሚሞተው።

አጎት፦ እሺ፣ እሺ፣ አልነካሁም! አይዞህ የኔ ጌታ!

(ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።)

ሐኪሟ፦ ሰውዬው እየጠሩን ነው። ልተወውና እንሂድ?

አጎት፦ ወዴት?

ሐኪሟ፦ ሥራ ወዳገኙልኝ ነዋ።

አጎት፦ ሕፃኑን ትተሽ? ሰውዬው ገደል ይግባ! እጅሽን ካነሳሽ እኔና አንቺ አንተዋወቅም!

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው።

አጎት፦ (እንባውን እየጠረገ) ጨካኝ! በዚህ አንጀትሽ ነው የሕፃን ሐኪም የምትሆኚው? ገና ብዙ መማር አለብሽ!