ተቃጥሎ የማያውቀው ቫልቮላ

እኔ የምለው፣ የቤታችሁን የቆጣሪ ሣጥን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ሰው የጎረቤቱን ጓዳ ለማየት አንገቱ እስኪቀጭ ይንጠራራል እንጂ የራሱን ቫልቮላ፣ ፊውዙን ማለቴ ነው፣ ማን ያያል? መብራቱ ከበራ ምን ቸገረው!

እኔን ሣጥኑን ያስከፈተኝ አምፕሊፋየር ነው። ዘመኑ ደርግ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ጠዋት የሐረጎን መንገድ ቁልቁል፣ ማታ ሐረጎን ሽቅብ። ልቤ ግን ሬዲዮ ላይ ነው። ተምሬው አይደለም፣ ፍቅር ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ሬዲዮ የሚፈታታ ሰው በደኅና ዓይን አይታይም። «ከማን ጋር ሊነጋገርበት ነው?» ይባላል። ስለዚህ ማስተላለፊያ የሚመስል ነገር በእጄ አልነካም። ድምፅ ማጉላት ግን ምን ኃጢአት አለው? ከሞቱ ሬዲዮዎች አንጀት እየለቀምኩ አንድ ሕያው አምፕሊፋየር ሠራሁ።

የሠራሁት ለሼህ ይማም ነው። ሼህ ይማም የግቢያችን ባለቤት የእትዬ ዘሀራ ታላቅ ወንድም ናቸው። በደኅናው ጊዜ መንዙማ ሲያወጡ ጦሳ ተራራ ይመልስላቸው ነበር ይባላል። ኋላ አስም ያዛቸውና ድምፃቸውን በላው። ታዲያ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሰዓዳ ልትዳር ነው። ልጅቷ «አጎቴ መንዙማ ካላወጡልኝ ሠርጉም ይቅርብኝ» አለች። እሳቸው ደግሞ እምቢ አሉ። «ድምፄ ከፊተኛው ረድፍ አያልፍም፣ ሰው እያዘነልኝ ከማዜም ዝም ብዬ ብቀመጥ ይሻለኛል» አሉ።

ይኼን ስሰማ እልህ ያዘኝ። ሄጄ «ማይክ ከፊትዎ አቆማለሁ፣ ድምፅዎ ከከተማው ወጥቶ ጢጣ ድረስ ይሰማል» አልኳቸው። «መሀል ላይ ቢከዳኝስ?» አሉኝ። «አይከዳዎትም» አልኩ። አያችሁ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ የለም።

እስቲ ግቢውን ላሳያችሁ። የትርፍ ቤት አዋጁ ሲመጣ የእትዬ ዘሀራን የኪራይ ቤቶች መንግሥት ወረሰ። ቆጣሪው ግን በስማቸው ቀረ። ቤቱ የተወረሰበት ባለ ቆጣሪ ከባለ ቤት ይበልጣል! ሁላችንም ከእሳቸው ገመድ እየቀጠልን ነው የምንበራው። ሕጉ አንድ ነው፦ ከባድ ነገር የሚሰካ ሰው አስቀድሞ ይጮሃል። ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰ በራቸው ላይ ቆመው «ካውያ!» ይላሉ። ሌላው ካውያም ምድጃም የሰካ ሁሉ ይነቅላል። ሲጨርሱ «ነቅያለሁ!» ይላሉ። እንግዳ ሰው ይደነግጣል፣ እኛ ግን ለምደነዋል።

አምፕሊፋየሬን መጀመሪያ የሞከርኩ ዕለት እኔም ወግ ደርሶኝ «አምፕሊፋየር!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይወቀው? ጋሽ ታደሰ ምን ቋንቋ ነው ብለው ካውያቸውን ሰኩ። ከእትዬ ዘሀራ ጓዳም ምድጃው ተሰክቷል። አምፕሊፋየሬ እንደታመመ በሬ አጉረመረመ። ቀጥሎ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ቀና ስል በክፍሌ አቡጀዲ ኮርኒስ ሥር የሚያልፈው የጣሊያን ጊዜ ሽቦ ይጨሳል። ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩት። ጭሱ ቆመ፣ ኮርኒሱ ላይ ጥቁር ጠባሳ ቀረ።

ጭሱ አልገረመኝም። የገረመኝ ቫልቮላው ነው። ይኼ ሁሉ ሲሆን ለምን አልተቃጠለም? እትዬ ዘሀራን ጠየቅኳቸው። ኮራ ብለው «ወላሂ! የኛ ቫልቮላ ተቃጥሎ አያውቅም። የሰው ቤት በየቀኑ ድርግም ይላል፣ የኛ ግን ወንድ ነው። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በእጁ የሠራው ነው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ሚስማር ነው! በቀጭኗ ሽቦ ፋንታ አንድ ደልዳላ የቆርቆሮ ሚስማር ተጋድሟል። እንዴት ይቃጠል? ቤቱ አመድ ሆኖ እንኳ እሱ ሚስማር ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ስለ ቫልቮላ የማውቀውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቫልቮላ ማለት ከሽቦው ቀድሞ የሚሞት ማለት ነው። ሥራው መሞት ነው። ሽቦህ ወፍራም ይሁን፣ ቫልቮላህ ከሽቦህ የደከመ ይሁን፣ አለቀ። ይኼንኑ ለእትዬ ዘሀራ አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ታዲያ ጎበዙን አውጥተህ ሰነፉን ልታስገባ ነው?» አሉ።

ሚስማሩን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ደንበኛውን ቫልቮላ አስገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መከራዬን አየሁ። ሳይጮህ የሰካ ሰው በተገኘ ቁጥር ድርግም! መብራት በጠፋ ቁጥር ስሜ ይጠራል። ጋሽ ታደሰ ሱሪ በግማሽ ተኩሰው በራፌ ላይ መጡና፣ «የእትዬ ዘሀራ ባል በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም» አሉኝ። እትዬ ዘሀራ ሲያዩኝ «ሚስማሬን!» ይላሉ። ሰላምታቸው ሆነ። እኔ ግን ግግም አልኩ። ቤቱ ኮርኒሱ ጨርቅ፣ ሠርጉ ሰው የሚታጨቅበት ነው። ሚስማሩ ከተመለሰ አንድ ቀን ሁላችንም እንጠበሳለን። ካልተመለሰ ደግሞ የጎረቤት ካውያ መንዙማውን መሀል ላይ ይቆርጠዋል፣ ሽማግሌው በሰው ፊት አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ።

መላው አንድ ነው፤ ለአምፕሊፋየሩ ከቆጣሪው ሥር ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ቫልቮላ። ወፍራም ሽቦ ደሴን ብትዞሩ የለም። ፋብሪካችን ለሠራተኛ ከሚሸጠው ትራፊ ውስጥ አንድ ጥቅልል ጥቁር ገመድ አገኘሁ። ግን ኬላ አለ። ሽቦ የተሸከመ ሰው ኬላ ላይ ሲገኝ ማስረዳቱ ብቻ ያነጋል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ጥጥ ፍራሽ ገዛሁና በገመዱ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። የኬላው ጠባቂ ፍራሹን ዞረው፣ መታው፣ «ለአንድ ፍራሽ ይኼ ሁሉ ገመድ?» አለኝ። የኮምቦልቻ ጥጥ አያውቁትም እንዴ፣ ካልታሰረ ይነፋል አልኩት። ራሱን ነቅንቆ አሳለፈኝ። ሳይታዘበኝ አልቀረም።

ገመዱን ከቆጣሪው እስከ አምፕሊፋየሩ ዘርግቼ የራሱን ቫልቮላ አስገባሁለት። የሠርጉ ዕለት ደረሰ። ሰዓት እላፊ ስላለ ሁሉም ነገር በጊዜ ነው። አመሻሽ ላይ ሼህ ይማም ማይኩ ፊት ተቀመጡ። ዘወር ብለው አዩኝ። እኔ ደግሞ ወደ ቆጣሪው አየሁ።

ጀመሩ። ምን ልበላችሁ! ያ ከጉሮሮ የማያልፍ ድምፅ ጣራውን አልፎ ሆጤን ሞላው። አላፊ አግዳሚው ቆመ። ሰዓዳ በመሸፈኛዋ ውስጥ ስታለቅስ አየኋት። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ?

ለካ በዚያው ሰዓት ጋሽ ታደሰ የአንድ ሚዜ ሸሚዝ ሊተኩሱ በራቸው ላይ ቆመው «ካውያ!» ብለዋል። በሙሽራዋ ጓዳም ካውያ ተሰክቷል፣ ምድጃውም በርቷል። ጩኸታቸውን ማን ይስማ? አምፕሊፋየሬ ማንንም አያሰማም። ድርግም! ግቢው ጨለመ። ሰው «ወይኔ!» አለ።

መንዙማው ግን አልቆመም። በጨለማው ውስጥ የአምፕሊፋየሩ የመስታወት ቱቦዎች ብቻ እንደ ፍም ቀልተዋል። ሼህ ይማም ልብም አላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሕዝቡ ተቀበላቸው። እስኪጨርሱ አንድም ሰው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሲነሱ ትከሻዬን ያዙና «አልከዳኸኝም፣ አላህ አይክዳህ» አሉኝ። ያን ዕለት የደሴ ንጉሥ እኔ ነበርኩ።

እስከ ማግስቱ ጠዋት ብቻ።

ጠዋት እትዬ ዘሀራ ወደ ክፍሌ ብቅ ብለው ኮርኒሱ ላይ ያለውን ጥቁር ጠባሳ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ግቢውን ጠሩ። «አያችሁ? የባሌን ሚስማር ባወጣ በሳምንቱ እኮ ቤቴ ሊነድ! አላህ በወንድሜ መንዙማ ነው ያወጣን!» አሉ። ይኼ እኮ ሚስማሩ ሳለ የነደደ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ማታ ያወጣን ቫልቮላው ነው ብዬ ማልኩ። ጋሽ ታደሰ «ቫልቮላውማ ተቃጥሎ አየነው፤ ራሱን ያላዳነ እኛን ያድናል?» አሉ። ግቢው በሙሉ «እውነት ነው» አለ።

ተሸነፍኩ። ሚስማሩን ከኪሴ አወጣሁ። «እትዬ ዘሀራ፣ እመልሰዋለሁ፣ ግን ጠባቂ ከሆነ ሣጥን ውስጥ ምን ይሸሽገዋል፣ ክፉ ነገር ሲመጣ እንዲያየው ከበላዩ ይሁን» አልኳቸው። «እሱስ ደግ ብለሃል» አሉ። መዶሻ አምጥቼ ከቆጣሪው በላይ ግድግዳው ላይ መታሁት። እሳቸውም የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ሰቀሉበት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቫልቮላው በተቃጠለ ቁጥር እኔ በድብቅ እቀይራለሁ፤ ግቢው ደግሞ ሚስማሩን ያመሰግናል።